እስከ ሲባጎው ድረስ

ሊቀመንበሩ የሞተው በገዛ ድርሻው ላይ ነው። ይህን መጀመሪያ የተናገረችው ጎረቤቱ ፋርማሲስቷ ናት፤ ሬሳው ገና አንሶላ ሳይለብስ፣ የሰፈሩ ፖሊስም አንድ ቃል ሳይጠይቃት፣ «በሳቸው ድርሻ ላይ መገኘታቸው ይመዝገብልኝ» አለችው። ልብስ ሰፊውም በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «እውነት ነው፣ በሳቸው ላይ ነው፤ እኔም እመሰክራለሁ» ሲል አገዛት። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።

ድርሻ የሚሉትን ነገር ለሌላ ሰው ማስረዳት ያሳፍራል፤ ግን ካልተነገረ ታሪኩ አይገባም። በሦስት ቤቶች መካከል ተወሽቆ የቀረ አንድ ባዶ ቦታ አለ። ባለቤቱ ሞቷል፣ ወራሽ አልተገኘም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ማዘጋጃ ቤቱ «አዋሳኞች ተባብረው ያጽዱት» የሚል ባለሁለት መስመር ደብዳቤ ላከ። ጤነኛ ሰዎች ቢሆኑ ማጭዳቸውን ይዘው ወጥተው በአንድ ቀን ይገላገሉት ነበር። እነዚህ ግን ስብሰባ ጠሩ። ሊቀመንበር መረጡ፤ ቃለ ጉባኤ ከፈቱ፤ ቦታውን ከመንገዱ እስከ ኋላው ግንብ በሁለት ሲባጎ ወጥረው ሦስት ቦታ ከፈሉት። የግራው የሊቀመንበሩ፣ የመሐሉ የልብስ ሰፊው፣ የቀኙ የፋርማሲስቷ ሆነ። ከሲባጎው አልፎ አንዲት ዘለላ ሣር የቆረጠ ሰው ያንን ድርሻ እንደተረከበ ይቆጠራል፤ ቀድሞ ማጨድ የጀመረም ኃላፊነቱን እንዳመነ ይያዛል ብለው ፈረሙ። ስለዚህ ማንም አይጀምርም ነበር። ሣሩ ወገብ ደርሷል፤ በመሐሉ ልብስ ላይ የሚጣበቀው ጭጎጎት ሞልቷል፤ ከሥሩ የሦስት ቤት ቆሻሻ በሰላም አብሮ ይኖራል።

መርማሪዋ የመጣችው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አምሳን ያለፈች፣ አጠር ያለች፣ ሣር አጠገብ ስትደርስ የምታስነጥስ ሴት ናት። የሰፈሩ ፖሊስ ፋይሉን አዘጋጅቶ ጠበቃት።

«ያለቀ ጉዳይ ነው፣ አለቃ፣» አላት። «ገዳዩን ከነደሙ ይዘነዋል። እስከ እኩለ ቀን ፈርመው ቢሰጡኝ ወደ ጣቢያ እልከዋለሁ።»

ገዳይ ያለው አጥሩ ሥር ተቀምጧል፤ እጁ በካቴና ታስሯል፤ ሁለት መዳፉ ላይ ደም ደርቋል። ሊቀመንበሩ ከትናንት በስቲያ የቀጠረው ሣር አጫጅ ነው።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጣልቶ ነበር፣» አለ ፖሊሱ። «ሲባጎ አልፎ የልብስ ሰፊውን ሣር ስላጨደ በሰው ፊት ሰድበውታል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሬሳውን እንደታቀፈ የሟቹ ወንድም አገኘው። ማጭዱም አጠገቡ ነበር።»

«ማጭዱን አየኸው?»

«ደም አለበት።»

«የት?»

መርማሪዋ ማጭዱን በመሀረብ አንስታ አሳየችው። ደሙ ያለው እጀታው ላይ ብቻ ነው፤ ስለቱ ደርቆ ከተጣበቀ የሣር ጭማቂ በቀር ምንም የለበትም። በማጭድ የሚገድል ሰው በእጀታው አይገድልም፤ ፖሊሱ ግን ይህን ለማሰብ የጠዋት ቁርሱን አላጋመሰም ነበርና ሊፈረድበት አይገባም። የሟቹ ጭንቅላት ኋላው የተቀጠቀጠ እንጂ የተቆረጠ አልነበረም።

መርማሪዋ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቆየች። ጭጎጎቱ በኮቱ ጀርባና በትከሻው ላይ ተዥጎድጉዷል። ሱሪው ላይ አንድም የለም፤ ካልሲውም ንጹሕ ነው። ከኪሱ በጥንቃቄ የተጠቀለሉ ሁለት ረጃጅም ሲባጎዎች አወጣች። ከዚያ አስነጠሰችና ተነሥታ ወደ አጫጁ ሄደች።

«ንገረኝ፣» አለችው።

«ከበሩ ስደርስ ማቃሰት ሰማሁ፣ እትዬ። ማጭዴን እንደያዝኩ ሮጬ ገባሁ። ደሙ ደርቆ ኮሌታቸው አንገታቸው ላይ ተጣብቋል። ቀና ሳደርጋቸው እንደገና ደማ። ማጭዱን ገፋ አድርጌ ታቀፍኳቸው። ወዲያው አለፉ።»

«ትናንት ለምን ሲባጎውን አለፍክ?»

አጫጁ ወደ ሬሳው ተመለከተ፤ ሙት መክሰስ ከበደው። «ራሳቸው ናቸው ያዘዙኝ። ሲባጎውን እንዳላየህ ሁን፣ ዝም ብለህ ወደ ውስጥ ግባ አሉኝ። ሰዎቹ ሲወጡ ደግሞ እኔኑ ሰደቡኝ። ዝም አልኩ።»

«ከዚህ በፊት ታስረህ ታውቃለህ?»

«ሁለት ዓመት። በሰው ጥፋት ነው፤ ግን ታስሬያለሁ። ያኔ ሚስቴ ብቻዋን ነበረች፣ ጠበቀችኝ። አሁን ሦስት ልጆች አሉን። ሁለተኛ ጊዜ ገዳይ ተብዬ ከገባሁ ማንም አያምነኝም፣ እሷም ብትሆን።» ይህን ሲል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም፤ አስቀድሞ የተፈረደበት ሰው አነጋገር ነበር፤ መርማሪዋንም ያናደዳት ይህ ነው።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ቤት ውስጥ የሟቹ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሟቹን ነጠላ ጫማ ተጫምቶ ነበር። ስልሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው ነው፤ ሠላሳውን ዓመት ወንድሙ ጣራ ሥር ሲበላ የኖረ።

«ጋሼ ጎህ ሲቀድ ወጣ፣» አለ። «እኔ እንቅልፌን አላቋረጥኩም።»

«በቅርቡ አዲስ ነገር ነበር?»

«ከሦስት ቀን በፊት ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጣለት። አነበበና ብቻውን ሳቀ። ለኔ አላሳየኝም፤ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። በማግስቱ አጫጅ ቀጠረ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀድሞ የሚጀምር ጅል ነው ሲል የኖረ ሰው።»

«ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ የለም።»

«እንጃ። ቤቱ ለኔ እንደሚተርፍ ግን ያውቃሉ አይደል? ከሌላ ሰው ከሚሰሙት እኔ ልንገርዎት ብዬ ነው።» ይህን ብሎ ጫማውን ተመለከተ፤ ልኩ ነበር።

የፋርማሲስቷ ሳሎን ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል። መስኮቷ ባዶው ቦታ ላይ ነው የሚከፈተው፤ ግን ተዘግቷል፤ በዚያ ላይ ስንጥቁ በጨርቅ ተወትፏል። ክፍሉ ከመሞቁ የተነሣ የራሷ ግንባር ላብ አቸፍችፏል።

«ምንም አልሰማሁም፣ እህቴ፣» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ሻይ አፈላሁ፤ መድኃኒቶቼን ደረደርኩ። በሰው ድርሻ ላይ ስለሚሆነው ነገር እኔ ምን ቤት ነኝ?»

«መስኮቱን ለምን ዘጋሽው?»

«አቧራ ይገባል።»

አቧራ የሚያስነሣ ነፋስ በዚያ ጠዋት አልነበረም።

ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ኋላ አልተነሣም። ተቀምጦ ማነጋገሩን በእግሩ በሽታ አሳበበ፤ በጠረጴዛው ላይ በጠመኔ የተሰመረ ግራጫ ጨርቅ ተዘርግቷል። ግድግዳው ላይ የመቀስ መስቀያ ምስማር አለ፤ መቀስ ግን የለበትም።

«ይኼ ሥራ ለመቼ ነው?»

«ለዛሬ ነበር፣ እመቤቴ። ደንበኛው ሰርግ አለበት። ግን በእንዲህ ያለ ቀን እጅ ይሠራል?» አለና ከንፈሩን መጠጠ። «ሟቹ ጨዋ ሰው ነበሩ። አንድ ነገር ብቻ ላስረዳዎት፤ ያ አጫጅ ትናንት የኔን ሣር አለፍቃዴ ነክቷል። በሕጉ መሠረት የመሐሉን ድርሻ ተረክቧል ማለት ነው።»

«ያንን ድርሻ ይፈልጉታል እንዴ?»

«እኔ?» አለ ልብስ ሰፊው። «እኔን መቼ ይመለከተኝና።»

መርማሪዋ እርሳሷን ጣለች። ልታነሣ ስትጎነበስ በመኪናው ሥር የልብስ ሰፊውን ሱሪ አየች። አዲስ ነው፤ ከርዝመቱ የተነሣ ጫማው ላይ ተጠቅልሏል፤ ግርጌው ላይ ለልክ ብቻ የተጣለ ነጭ ክር ገና አልተፈታም። በሩ አጠገብ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሞላ ጆንያ ቆሟል። አመስግናው ወጣችና ለፖሊሱ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ከዚያ ለማዘጋጃ ቤቱ ስልክ ደወለች፤ አንድ የሰለቸው ጸሐፊ የደብዳቤውን ቅጂ ፈልጎ አነበበላት።

የቀራት ባዶው ቦታ ነው። ሣሩ በጠቅላላው ወገብ ደርሷል፤ ሁለት ቦታ ብቻ ጎድሏል። አንዱ አጫጁ ትናንት ከመንገዱ እስከ ድንጋዩ አቅራቢያ ያጨደው ነው፤ በሰፊ ክንድ የተወረወረ ማጭድ የሄደበት፣ ዳሩ የተንጨፋረረ። ሌላው በልብስ ሰፊውና በፋርማሲስቷ ድርሻ መካከል ከተተከለው የወሰን ድንጋይ አጠገብ ነው። የአልጋ ስፋት ያህል ብቻ ከሥሩ ተቆርጧል፤ የጉቶው ጫፍ ቀጥ ያለና እኩል ነው። የተቆረጠው ሣር የለም። ድንጋዩ በልብስ ሰፊው በኩል ታጥቧል፤ በፋርማሲስቷ በኩል ከነሻጋታው ነው። በዚያው በሷ በኩል ካልተቆረጠው ሣር ላይ የደም ጠብታዎች ደርቀዋል።

ፖሊሱ ይህን ሲያይ ፊቱ በራ። «እሷ ናታ፣» አለ። «ደሙ በሷ ድርሻ ላይ ነው።»

«አንተም እንደነሱ ማሰብ ጀመርክ፣» አለችው መርማሪዋ። «ሁሉንም ጥራልኝ።»

እኩለ ቀን ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሁሉም በባዶው ቦታ ላይ ቆሙ። ፋርማሲስቷ በራሷ ድርሻ፣ ልብስ ሰፊው በራሱ፣ ታናሽ ወንድም በሟቹ ድርሻ ላይ፤ ማንም ያዘዛቸው አልነበረም። አጫጁ ብቻ የሚቆምበት አጥቶ ከፖሊሱ ጋር መንገድ ዳር ቀረ።

መርማሪዋ ከሟቹ ኪስ ካወጣቻቸው ሲባጎዎች አንዱን ፈታች። «ሊቀመንበራችሁ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ሲባጎዎቹን ነቅሎ ጠቅልሏቸዋል። ይህን ያዙልኝ።» አንዱን ጫፍ ለፖሊሱ ሰጠችው፤ ከመንገዱ ዳር ካለው የችካል ጉድጓድ በወሰን ድንጋዩ አናት አሳልፈው እስከ ኋላው ግንብ ወጠሩት። ሲባጎው ሄዶ ያረፈው የተቆረጠው ሣር ባለቀበት ዳር ላይ ነው። አንዲት ዘለላ አላለፈም፣ አንዲት ዘለላ አላጎደለም።

«ሣሩ በተቆረጠበት ሰዓት ሲባጎው እዚህ አልነበረም፣» አለች። «ሟቹ ኪስ ውስጥ ነበር። ይህን መስመር ያለ ሲባጎ፣ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው የቆረጠው። አሁን ለእያንዳንዳችሁ ማጭድ እሰጣለሁ። ድንጋዩ አጠገብ አንዳንድ እፍኝ ሣር ቁረጡልኝ። ሲባጎውን አንሣው።»

ሲባጎው ተነሣ። ታናሽ ወንድም ማጭዱን እንደ ማንኪያ ይዞ ያገኘውን ሁሉ ከወዲህም ከወዲያም ገነጠለ። ፋርማሲስቷ በበኩሏ ጎንበስ ብላ ከራሷ በኩል ቆረጠች፤ የማይታየው መስመር ጋ ስትደርስ እጇ በራሱ ቆመ።

«ትንሽ ቀጥይ፣» አለቻት መርማሪዋ። «ወዲያ ማዶ።»

«ያ የኔ አይደለም።»

«የመንግሥት ትእዛዝ ነው። በዚያ ላይ ደሙ የተገኘው በአንቺ በኩል ስለሆነ ብትተባበሪኝ ለራስሽ ይበጅሻል።»

ፋርማሲስቷ ላቧን ጠረገች። ማጭዱን ወደ ማዶ ዘርግታ መለሰችው። «እሰሩኝ ከፈለጋችሁ፣» አለች በመጨረሻ። «የሰው ሣር አልቆርጥም። ነገ ተረክባለች ይሉኛል።»

መርማሪዋ ወደ ፖሊሱ ዞረች። «አየህ? ከእስር ለመዳን እንኳ ማዶ አትሻገርም። ማዶ ያለውን ሣር የቆረጠው እንግዲህ ማን ነው? ወንድምየው መስመሩን አያውቀውም። አጫጁ ሲባጎ ተወጥሮ እያለ እንኳ ያልፈዋል። ይህን ሣር እስከ መስመሩ ድረስ ቆርጦ፣ ደም የነካውን ሌላውን ግማሽ የጎረቤት ነው ብሎ የተወው፣ ከድንጋዩም የራሱን ጎን ብቻ ያጠበው፣ የመሐሉ ድርሻ ባለቤት ነው።»

ሁሉም ልብስ ሰፊውን አዩት። እሱ ግን ሱሪው ጫማው ላይ እየተጠቀለለ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። «በኔ ላይ ለመላከክ እሷ ቆርጣው ቢሆንስ?» አለ።

«ላንተ ድርሻ እሷ እጇን ታበድራለች?» አለችው፤ አንቱታውን የት እንደጣለችው አልታወቀም። «ደግሞም ሣሩ በማጭድ አልተቆረጠም። በመቀስ ነው። ጉቶው እኩል ነው። መቀስህ ከምስማሩ ላይ የለም፤ ለዛሬ የተቀጠረ ጨርቅ ተሰምሮ ሳይቆረጥ ተቀምጧል። ሣርና አሸዋ የነካ የልብስ መቀስ ጨርቅ ያኝካል እንጂ እንደማይቆርጥ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሟቹ የወደቀው እዚህ ድንጋዩ ላይ ነው፤ በታጨደው በኩል ስለመጣ ሱሪው ላይ አንድ ጭጎጎት የለም፣ ሣሩ ላይ በወደቀበት ጀርባው ግን ሞልቷል። ከዚህ እስከ ተገኘበት ድረስ በሣሩ ውስጥ በእግሩ አልሄደም፤ ተሸክሞ የወሰደው ሰው አለ። የተሸከመው ሰው ሱሪ ደግሞ ምን ሊመስል እንደሚችል አስቡት። አንተ ዛሬ የለበስከው የደንበኛ ሱሪ ነው፤ የልኩ ክር እንኳ አልተፈታም።»

ፖሊሱ በዚህ መሐል ጆንያውን ጎትቶ አመጣው። ከላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነበር። ከሥር ደም የነካው ሣር፣ መቀሱ፣ በጭጎጎት የተለበጠ አሮጌ ሱሪ፣ ከሱም ጋር አራት ቦታ የታጠፈ ደብዳቤ ወጣ።

«ሣሩን ለምን አልጣልከውም?» ሲል ጠየቀ ፖሊሱ፤ ከልቡ ገርሞት ነበር።

«የት ይጥለዋል?» አለች መርማሪዋ። «ሰው ድርሻ ላይ ሣር መጣል ያስከስሳል፤ ራሱ ነው ቃለ ጉባኤው ላይ ያስያዘው። ጠዋት ሟቹ ቤት አንብቤዋለሁ።»

ደብዳቤውን ጮክ ብላ አነበበችው። ቦታው ባለቤት ስለሌለው፣ ኃላፊነቱን አምኖ ሲንከባከበው ለኖረው አዋሳኝ እንዲሰጥ ተወስኗል ይላል። ፋርማሲስቷ አፏን በእጇ ያዘች። በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ «አይመለከተኝም» ብላ እንደፈረመች እየቆጠረች መሆኑ ፊቷ ላይ ያስታውቅ ነበር።

«ሊቀመንበሩ ይህን ደብቆ አጫጅ ቀጠረ፤ ማዶም አሻገረው፤ ዛሬ ደግሞ ሲባጎውን ነቀለ። ቦታውን ጠቅልሎ ሊወስድ ነው። አንተ ደረስክበት።»

ልብስ ሰፊው የተሰማው ጸጸት ሳይሆን በደል ነበር። «ሳቀብኝ፣» አለ። «ደብዳቤውን እያነበበ ሳቀብኝ። ፊርማዬ ያለበትን ገጽ ቅደድልኝ ብዬ ለመንኩት። መዝገብ አይቀደድም አለኝ። ገፋሁት፣ ድንጋዩ ላይ ወደቀ። ሞተ ብዬ ነው የወሰድኩት።»

«ስትሸከመው አልተነፈሰም?»

«ካስቀመጥኩት በኋላ ሲያቃስት ሰምቻለሁ። ግን ያኔ በራሱ ድርሻ ላይ ነበር።»

ይህን ያለው መከላከያ ይሆነኛል ብሎ ነው። መርማሪዋ ወደ ፋርማሲስቷ ዞረች። «ሬሳውን ያየው ሐኪም ሁለት ሰዓት ያህል በሕይወት ቆይቷል ይላል። ደሙን የሚያቆምለት ሰው ቢያገኝ ይተርፍ ነበር። አንቺ ደም ማቆም ታውቂያለሽ። መስኮቱን የዘጋሽው ለአቧራ አይደለም።»

«መግባት አልችልም ነበር፣» አለች ፋርማሲስቷ። ዐይኗ አላለቀሰም። «የሳቸው ቦታ ነው። ገብቼ ቢሞቱብኝስ?»

ፖሊሱ የልብስ ሰፊውን እጅ ሊያስር ካቴናውን ከአጫጁ ላይ ፈታ፤ ሌላ ካቴና አልያዘም ነበር። ታናሽ ወንድም ደብዳቤውን ቀና ብሎ ለማንበብ ይሞክራል። ፋርማሲስቷ አጫጁን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ይኸው እንግዲህ፣» አለች። «እሱ ገብቶ ባይነካቸው ማን ይጠይቀው ነበር? እኔ ይህንን ስል ነው የኖርኩት።»

መርማሪዋ ጠዋቱን ሙሉ መልስ ያላጣች ሴት ናት። ይህችን ሴት ግን በንቀት አየቻትና መልስ የሚሰጣት ሌላ ሰው ፈለገች። ወደ አጫጁ ዞረች፤ ሰዎቹ ሁሉ እንዲሰሙት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አንተ ንገራቸው፣ ወንድሜ። እንዲህ እንደሚደርስብህ ብታውቅ ኖሮ፣ ሲያቃስቱ ሰምተህ ትገባ ነበር ወይስ አትገባም?»

አጫጁ ካቴናው የላጠውን የእጁን አንጓ አሻሸ። የሚጠበቅበትን መልስ ያውቃል፤ ሴትዮዋ ነፃ አውጥታዋለች፤ ሊያስደስታትም ፈልጎ ነበር። ግን ውሸታም አልነበረም። ሬሳው የተጋደመበትን ሣር ተመለከተ።

«እንጃ እትዬ፣» አለ። «ዛሬ ጠዋት ቢጠይቁኝ ኖሮ አዎ እልዎት ነበር።»